ማንም ያልያዘው ሰዓት

ከመንገዱ ስር በሚያልፈው የቦይ ቱቦ አፍ ላይ የአካፋ እጀታ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር። ከጁምዓ ሶላት ከሚመለሱት ገበሬዎች አንዱ፣ «ይሄን የመሰለ አካፋ ማን ጥሎት ነው?» አለና ጎንበስ ብሎ ሳበው። አልመጣም። እግሩን ድንጋይ ላይ ተክሎ ደግሞ ሳበው። አካፋው መጣ። እጅም አብሮ መጣ።

ሰውየው አካፋውን ለቀቀና ጮሆ ሮጠ። ሲሮጥ ጫማው ወለቀ፤ ዞር ብሎም አላየው።

ኢንስፔክተር አበራሽ ስልኳ ሲጮህ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ማንጎ እየላጠች ነበር። አበራሽ አጭር፣ ደንዳና፣ ምላሷ ከእግሯ የሚፈጥን ሴት ናት። እግሯም ቢሆን ቀላል አይደለም።

«የውሃ አባታችን ሞቱ!» አለ የደወለው ሰው።

«የየትኛው ውሃ?»

«የኛ ነዋ! ጋሼ በላይ! ኧረ ድረሱ!»

ማንጎው ከእጇ ወደቀ። ጋሼ በላይን የማያውቅ ማን አለ? የውሃ አባት ማለት የመስኖውን ቦይ የሚያዝ፣ ዛሬ የእገሌ ነው፣ ነገ የእገሊት ነው እያለ ተራ የሚሰጥ ሰው ነው። ሸዋ ሮቢት ዳር ሽንኩርትና ማሾ የሚዘራ ገበሬ ከአማቱ ጋር ቢኮራረፍ ግድ የለም፤ ከውሃ አባቱ ጋር የተኮራረፈ ቀን ግን አለቀለት።

አበራሽና ሳጅን ኪሩቤል በባጃጅ ደረሱ። ኪሩቤል ቀጭን፣ ረጅም፣ አዲስ የገዛው ጫማ ላይ አቧራ እንዳያርፍ አየር ላይ ልራመድ የሚል ሰው ነው። ጋሼ በላይ ቦዩ ዳር ተጋድመዋል። አንድ ሰው የራሱን የሶላት ምንጣፍ አልብሷቸዋል። አበራሽ ምንጣፉን ገለጥ አድርጋ ፊታቸውን ስታይ ክው አለች። አፋቸው እስከ ጥርሳቸው ጭቃ ነው።

«ሰምጠው ነው» አለ ኪሩቤል።

«ምን ውስጥ? ቦዩ ባዶ ነው እኮ!»

እውነትም ባዶ ነው። መሬቱ ግን ርሷል፣ ቱቦው ይንጠባጠባል። ውሃ መጥቶ፣ ሰው ገድሎ፣ ሄዷል።

አንድ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ወደ አበራሽ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር አይገባኝም። ጁምዓ ሰዓት ውሃ አይለቀቅም። ከአባቶቻችን ጀምሮ እንዲህ ነው። እኛ መስጊድ ስንገባ ክርስቲያኑ ጎረቤታችንም በዚያች ሰዓት ውሃ አይጠይቅም። በላይ ደግሞ ያችን ሰዓት ጠብቆ ቱቦው ውስጥ ይገባና ደለል ይጠርጋል።»

«ይሄን ማን ያውቃል?»

«ሕፃኑም ያውቃል።»

«እና ማን ከፈተው?»

የቆመው ሰው ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ማሳ ዞረ።

«ውሃው የት ገባ?» አለች አበራሽ።

«ካሚል ሽንኩርት ውስጥ» አለ አንዱ ቶሎ ብሎ።

ካሚልን ያገኙት ማሳው መሃል፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ነው። ወጣት ነው፤ ሽርጡን ወደ ላይ ሰብስቧል። ርጥብ ሽንኩርቱን የሚያየው፣ ሠርግ ሳይደግስ ደጁ ላይ ሙሽራ እንዳየ ሰው ነው።

«ማን አጠጣልህ?» አለችው አበራሽ።

«አላውቅም ወላሂ! አሁን ገና ነው የመጣሁት። እዚህ ስደርስ ርሷል።»

«የቦዩ በር ሞተር ቤት በጓጉንቸር የተቆለፈ ነው አሉኝ። ቁልፉ ስንት ሰው ጋ ነው?»

«ጋሼ በላይ ጋ አንድ። እኔ ጋ አንድ። የበሩ ጥበቃ እኔ ነኝ።»

«የጋሼ በላይ ቁልፍ አንገታቸው ላይ ነው። እሳቸው ደግሞ ቱቦ ውስጥ ነበሩ።»

ካሚል ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባውና ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ ጀውሃ ነበርኩ! ምሳ ስበላ!»

«መስጊድ አልሄድክም?»

«ዛሬ… አልሄድኩም።»

ከኋላቸው የተሰበሰበው ሰው አጉረመረመ። አንዲት ሴት ጮክ ብላ፣ «ትናንት 'ውሃ ይብላህ' ብሎ ረግሟቸው የለ! በጆሯችን ሰማነው!» አለች።

እውነት ነው። ሐሙስ ቀን ካሚል ተራው አልፎበት ጋሼ በላይን ውሃ ለምኖ ነበር። እሳቸው በሰው ፊት፣ «ተራህ አልፏል፣ ሂድ ከፊቴ» አሉት። እሱም ተናዶ ያንን ተናገረ። ውሃውም በማግስቱ እንዳለው አደረገ።

ኪሩቤል ካቴናውን አወጣ።

የካሚል ሚስት ራቢዓ እነሱ ጣቢያ ሳይገቡ ቀድማ ደርሳ በር ላይ ጠበቀቻቸው። ሂጃቧ በላብ ርሷል።

«እትዬ ፖሊስ፣ ባሌ ሰው አይገድልም! ዶሮ ሲያርድ እኮ ቢስሚላህ ይልና ዓይኑን ይጨፍናል። አንድ ቀን ጨፍኖ ጣቱን አርዷል!»

«ታዲያ ጁምዓ ትቶ የት ነበር?»

«እኔንም ጁምዓ ነው የምሄደው ነው ያለኝ» አለች ቀስ ብላ። እንባዋ መጣ። «እስር ቤት እንዳትልኩት በአላህ። ከተላከ አይመለስልኝም። ሰው አንዴ ገዳይ ካለው፣ ቢፈታስ ማን ከእሱ ጋር ቦይ ይጋራል?»

ይቺ ሴት የጠየቀችው ነገር አበራሽም ባጃጁ ውስጥ ስታስበው የመጣችው ነው። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም መንደር አንድ ቦይ ነው የሚጠጣው። ካሚል ሳይገድል ገዳይ ተብሎ ከተላከ፣ ከእሱ ጋር የሚሄደው ሌላም ብዙ ነገር ነው።

ቀጥሎ እትዬ አስካለ ጋ ሄደች። የጋሼ በላይ ባለቤት ከሚያለቅሱት ሴቶች መሃል ደርቀው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ጠላት ነበራቸው?»

«ኧረ ምን ጠላት! ሐሙስ ዕለት ብቻ ከዚያ ልጅ ጋር ተጣልቶ መጣ። ራቱን እንቢ አለ። ከዚያ ስልኩን ይዞ ጓሮ ወጣና ተንሾካሾከ።»

«ተንሾካሾኩ?»

«እኔም ደነገጥኩ እኮ! እሱ ደህና አደርሽ ሲለኝ ጎረቤት ነው የሚመልስለት። ሲንሾካሾክ ሰምቼው አላውቅም። ስጠጋው ስልኩን ደረቱ ውስጥ ከተተ።»

ሲወጡ ኪሩቤል ወደ አበራሽ ጆሮ ጎንበስ አለ። «አለቃ፣ ውሽማ ይሆን?»

«በዚህ ዕድሜያቸው?»

«ቆላ እኮ ነው።»

«አፍህን ዝጋና ስልኩ የት እንደገባ አስብ!»

ስልኩ ሬሳው ላይ አልነበረም። አበራሽ ይሄ ነገር ከነከናት። አንድ ሰው ጋሼ በላይን በስልክ አግባብቶ፣ ነገ ቱቦው ውስጥ መግባታቸውን አረጋግጦ፣ ከዚያ ስልኩን ወስዶ ቢሆንስ?

የመስኖ ማኅበሩ ቢሮ አንድ ክፍል ብሎኬት ቤት ነው። ውስጡ ሙቀቱን የሚያንቀሳቅስ እንጂ የማያበርድ ማራገቢያ አለ። ብሩክ የሚባለው የማኅበሩ ጸሐፊ ኮምፒውተር የተማረ ልጅ ነው። እሷ ስትገባ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ።

«ስልክ ላይ ተራ የምትሰጡበት ነገር አለ አሉኝ» አለች።

«ምክትሉን ነው? ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ገበሬው በድምፅ ይጠይቀዋል፣ እሱም በድምፅ ይመልሳል። የውሃ አባቱ ምክትል ስለሆነ ሰዉ ምክትሉ ይለዋል።»

«ምን ያደርጋል?»

«ተራ ያስታውሳል።»

«ብቻ?»

«ብቻ።»

ብሩክ ላቡን በእጅጌው ጠረገ። ሸዋ ሮቢት ላይ ሁሉም ሰው ያልበዋል፤ ፖሊሷም ያልባታል። ስለዚህ አበራሽ የልጁን ላብ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። በኋላ ራሷን የሰደበችው በዚህ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጀውሃ ሄደች። መንገድ ዳር፣ ከባድ መኪናዎች በሚቆሙበት፣ ካሚል በላሁ ያለበት ምግብ ቤት አለ። ባለቤትዋ እጇን እያደራረቀች ወጣች።

«ካሚል? አዎ፣ መጥቶ ነበር። ምግብ አዘዘ፣ አልበላም። ከሹፌሮቹ ጋር ሲያወራ ነበር። ረዳትነት እንዲቀጥሩት። ወደ ጅቡቲ።»

«እስከ ስንት ሰዓት ቆየ?»

«ከአዛን በፊት ሄደ። ባጃጅ ይዞ ወደ ሮቢት።»

ከአዛን በፊት ከሄደ፣ ሶላት ሲቆም በሩ ጋ ሊደርስ ይችላል። ምስክሩ አለቀለት። አበራሽ ተመልሳ ካሚል የታሰረበትን ክፍል አስከፈተችና ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ከጀውሃ ተነስተህ የት ገባህ?»

ካሚል መሬት መሬቱን አየ።

«ሚስትህ ከጠዋት ጀምሮ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆማለች፣ ንገረኝ!»

«ማንጎ ስር ነበርኩ።»

«ምን ስትሠራ?»

«እያለቀስኩ ነበራ!» ብሎ ጮኸ። «ሽንኩርቱ ደረቀ፣ መሬቴን ትቼ መኪና ላይ ልንጠለጠል ነው፣ ለራቢዓ ምን ልበላት? ወንድ ልጅ ማንጎ ስር ቁጭ ብሎ ሲነፋረቅ ነበር ብሎ ለፖሊስ ይናገራል? ማን አየህ ብትዪኝ ማንም። ማንም እንዳያየኝ ነው እዚያ የተቀመጥኩት!»

አበራሽ በሩን ዘግታ ወጣች። አመነችው። ይሄ ደግሞ ለምንም አይረባም፤ ፖሊስ አመንኩት ብሎ ሰው አይፈታም።

ቀብሩ እኩለ ቀን ላይ አለቀ። ማሳ ላይ አንድ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ለቅሶ ነው። አበራሽ ይህንን ጸጥታ ተጠቅማ ኪሩቤልን ቱቦው ውስጥ ስልክ ፍለጋ አስገባችው። ጫማውን አውልቆ ይገባ እንደሆነ ጠየቀ። ስብርባሪ ብርጭቆ ስላለ አልተፈቀደለትም። ነፍሱ እያዘነች ገባ።

እሷ ብሩክን ይዛ ወደ በሩ ሄደች። በሩ ወፍራም የብረት ሳንቃ ነው። አጠገቡ ያለችው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሞተሩ አለ፤ ላይዋ ላይ ሶላር ተሰቅሏል። አበራሽ ከካሚል የወሰደችውን ቁልፍ አወጣችና ወደ ጓጉንቸሩ አስጠጋች። አልገባም። ጎንበስ ብላ አየች። ደግማ አየች።

የቁልፉ ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኗል። ሰው የደፈነው አይደለም፤ ተርብ ናት ቤቷን የሠራችበት። ጭቃው ደርቆ ነጭ ሆኗል፤ ከታች እንደ ጣት ወፍሮ ተንጠልጥሏል።

«ብሩክ» አለች ቀና ሳትል። «ይሄ ጓጉንቸር ትናንት አልተከፈተም። ባለፈው ሳምንትም አልተከፈተም። በሩ ግን ተከፍቷል። እንዴት አድርጎ?»

ፊቱን ልታየው ቀና ስትል ቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ የሆነ ነገር ጠቅ አለ።

ከዚያ ሞተሩ ማጓራት ጀመረ።

አበራሽ ደርቃ ቀረች። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው። ካሚል ጣቢያ ታስሯል። ብሩክ እጁን አጣምሮ አጠገቧ ቆሟል። ማንም ምንም አልነካም። የብረቱ ሳንቃ ግን እያቃሰተ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከስሩ ቡናማ ውሃ በጉልበት እየገፋ ቦዩን ይሞላል።

«ኪሩቤል!» ብላ ጮኸች። ድምፅዋ ከየት እንደመጣ አታውቅም። «ኪሩቤል ውጣ! ውጣ ውጣ ውጣ!»

ከውሃው ጋር ትሮጣለች። ውሃው ቀደማት። ቱቦው አፍ ስትደርስ የኪሩቤል እግሮች ወደ ውጭ ይታያሉ፣ ይንፈራገጣሉ፤ ደለል ይዞታል። ሆዷ ላይ ወድቃ ቀበቶውን ያዘች። ውሃው ፊቷን መታት። ጎተተች። አልመጣም። ጉልበቷን ድንጋይ ላይ ተክላ፣ የማታውቀውን ቅዱስ ሁሉ ጠርታ ጎተተች። ኪሩቤል እንደ ተነቀለ ካሮት ወጣ። አንድ ጫማ ቀረ።

ከላይ ብሩክ ስልኩን አፉ ላይ ደቅኖ እያለቀሰ ይጮኻል። «ምክትል ዝጋ! ዝጋው! በሩን ዝጋ!»

ሞተሩ አጉረመረመ። ሳንቃው ወረደ። ውሃው ቆመ።

አበራሽ ጭቃ እያንጠባጠበች ሄዳ ብሩክ ፊት ቆመች። ትንፋሽ አጥሯታል። «ተራ ያስታውሳል ብቻ አላልከኝም?»

ልጁ ተንበረከከ። «ካለፈው ወር ጀምሮ ከሞተሩ ጋር አገናኝቼዋለሁ። ሰዉ ግን ጋሼ በላይ በራሳቸው ቁልፍ የሚከፍቱት ነው የሚመስለው። ትናንት እሱ ይሁን አይሁን አላወቅኩም። ለማየት ፈራሁ። ዛሬ ግን እንዳይከፍት ብዬ የሁሉንም ሰው ተራ ሰርዤ ነበር! ባዶ አደረግኩት እኮ! ለምን ከፈተ?»

«ስልኩን አምጣ። ራሱን እጠይቀዋለሁ።»

ቦዩ ዳር ተቀመጡ። ኪሩቤል አንድ እግሩን በጫማ፣ አንዱን በካልሲ ዘርግቶ ጭቃ ይተፋል። የጋሼ በላይን ስልክ ውሃው ጠርጎ ወስዶታል። አበራሽ በሥራ ዘመኗ ሌባም፣ ነፍሰ ገዳይም፣ ቄስም መርምራለች፤ አካል የሌለው ተጠርጣሪ ግን ገጥሟት አያውቅም።

«አንተ ማነህ?»

«የውሃ አባቱ ምክትል ነኝ» አለ ስልኩ ረጋ ባለ ድምፅ። «በምን ልርዳዎት?»

«ኢንስፔክተር አበራሽ ነኝ። አሁን የቦዩን በር ማን ከፈተ?»

«እኔ ከፈትኩት።»

አልካደም። እንዲህ ያለ ተጠርጣሪም ገጥሟት አያውቅም።

«ማን አዝዞህ?»

«ጋሼ በላይ።»

ኪሩቤል «በስመ አብ!» ብሎ አማተበ። አበራሽ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ጋሼ በላይ ዛሬ ተቀብረዋል!»

«ይህን የነገረኝ የለም። በጣም አዝናለሁ። ያዘዙኝ ሐሙስ ማታ በድምፅ ነው። ለካሚል ማሳ ሁለት ተራ እንድሰጥ። የመጀመሪያውን ዓርብ ሰጠሁ፤ ሁለተኛው ባዶ ሰዓት እስኪገኝ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ሁሉም ሰዓት ባዶ ሆኖ አገኘሁት።»

ብሩክ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ዓርብ ጁምዓ ሰዓት ለምን መረጥክ?» አለች አበራሽ።

«ሰዓቱን እኔ እንድመርጥ ነው የተባልኩት። በሩን የሚከፍተው መሣሪያ መግለጫ ላይ፣ ሰዓት ካልተነገረህ ማንም ያልያዘውን ምረጥ ይላል። በሳምንቱ ውስጥ ማንም ያልያዘው ያ ሰዓት ብቻ ነበር።»

«ሰው ቦዩ ውስጥ እንዳለ አላየህም?»

«የማይበት መሣሪያ የለኝም። ሰው ቦዩ ውስጥ እንደሚገባም መግለጫው አይናገርም።»

አበራሽ ቀስ ብላ ወደ ብሩክ ዞረች። «መግለጫ የሚለው ምንድን ነው?»

«ምክትሉ እጅ የለውም» አለ ልጁ በተሰበረ ድምፅ። «የሚሠራበት መሣሪያ እንሰጠዋለን። ለእያንዳንዱ መሣሪያ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚጠቀምበት፣ በአማርኛ እንጽፍለታለን። ከዚያ ውጭ ስለ መሣሪያው የሚያውቀው ነገር የለም።»

«እና አንተ ነህ የጻፍከው።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያስጻፉኝ ግን ጋሼ በላይ ናቸው። የውሃውን ነገር ከሳቸው በላይ ማን ያውቃል? እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። እንዲያውም ጠይቄያቸው ነበር። 'ጋሼ፣ በሩ የማይከፈትበት ሰዓት ይኖራል?' አልኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

«ሳቁብኝ። 'አንተ ልጅ፣ ጁምዓ ሰዓት ውሃ የሚጠይቅ እብድ አለ እንዴ? እሱንም ጻፍ ልትለኝ ነው?' አሉኝ። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ። አልጻፍኩትም።»

ያ ሁሉ ገበሬ ለዘመናት ሆን ብሎ ባዶ የተወውን ሰዓት፣ ምክትሉ ማንም የማይፈልገው ትርፍ ሰዓት ነው ብሎ አነሳው። ሰውየው ገዳያቸውን ራሳቸው አስተምረው፣ ራሳቸው ልከው፣ አካፋቸውን ይዘው ቱቦው ውስጥ ገቡ።

«አሁኑኑ ከሞተሩ ንቀለው» አለች አበራሽ በመጨረሻ። «የጠበቀ ትዕዛዝ ካለም ሰርዝ። ከዚያ ከእኔ ጋር ጣቢያ ትሄዳለህ፤ ፖሊስ ዋሽተሃል፣ ሳጅኔን ልትገድልብኝ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ያንን መግለጫ አሁን እዚሁ ቁጭ ብለህ እንደገና ጻፍ።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ትናንት ከሩቅ አገር የመጣ፣ ዓይን የሌለው፣ እሺ ብቻ የሚል አገልጋይ በርህ ላይ ቆሟል በለው። ጁምዓ አያውቅም። ሰንበት አያውቅም። ያልነገርከውን የለም ብሎ ያምናል። ለእሱ ጻፍ።»

ብሩክ እየጻፈ ጮክ ብሎ አነበበ። «ይህ መሣሪያ የቦዩን የብረት በር በሞተር ይከፍታል። ሲከፈት ውሃው በመንገዱ ስር ባለው ቱቦ ያልፋል። ቱቦው ውስጥ ሰው ካለ ይሞታል…» እዚህ ላይ እጁ ቆመ። አፍንጫውን ጠረገና ቀጠለ። «ጁምዓ ሰዓት ማንም ባይዘውም ባዶ አይደለም፤ የተዘጋ ነው። ለቅሶ ሲኖርም እንዲሁ። ሰዓቱን ራስህ ከመረጥክ መጀመሪያ ለውሃ አባቱ ተናገርና ይሁንታውን ጠብቅ። ሁልጊዜም ከመክፈትህ በፊት ቦዩ ዳር ያለ ሰው በዓይኑ አይቶ ባዶ ነው እስኪልህ ቆይ። መልስ ካላገኘህ አትክፈት።»

«ሳጅንም ሰው ነው ብለህ ጨምርበት» አለ ኪሩቤል ካልሲውን እየጨመቀ።

አበራሽ ልትቆጣው ዞራ፣ ያልተጠበቀ ሳቅ አመለጣት። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ፊቷን አዞረች።

ጣቢያ ስትደርስ ካሚልን አስወጣችው። ራቢዓም ገባች። አበራሽ የብሩክን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ምክትሉ ቀድቶ ያስቀመጠውን የጋሼ በላይን ድምፅ አሰማቻቸው። ካሚል ድምፁን ሲሰማ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ ግድግዳው ጋ ተጋጨ። እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ነጻ ነህ» አለችው።

«ረግሜያቸዋለሁ እኮ» አለ ካሚል። «ውሃ ይብላህ ብያለሁ! እሳቸው ማታውን ይሄን… የት ነው ነጻ ሆኜ የምሄደው?»

«ለቅሶ ቤት ነዋ» አለች ራቢዓ እንባዋን እየጠረገች። «ተነስ!»

የለቅሶው ድንኳን ደጃፍ ላይ የጋሼ በላይ የወንድም ልጆች ዱላ ይዘው ቆመዋል። አበራሽ ፊት፣ ካሚል መሃል፣ ራቢዓ ከኋላ ሆነው ሲመጡ መንገዱን ዘጉት።

«ይሄን ይዘሽ ወዴት ነው?» አለ ትልቁ።

«ለቅሶ።»

«ገዳዩን?»

«እትዬ አስካለን አናግሬ ልጨርስ። ከዚያ መምታት ካማራችሁ ከእኔ ጀምሩ።»

ሳይወዱ አሳለፏቸው። እትዬ አስካለ ካሚልን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። የሚያለቅሱት ሴቶች ለቅሷቸውን አቋረጡ። አበራሽ ስልኩን ከፍ አድርጋ ያዘችና ነካችው። ድንኳኑ ውስጥ ዛሬ የቀበሩት ሰው ተንሾካሾኩ። የሳቸው ሹክሹክታ እስከ ደጃፍ ይሰማል።

«ምክትል፣ ትሰማኛለህ? ቀስ ብዬ ነው የማወራህ፣ አስካለ ትሰማለች። ያ ካሚል… ሽንኩርቱን ዞሬ አየሁት፣ ሊሞትበት ነው። በሰው ፊት እሺ ብለው ነገ ሁሉም ተራዬ አለፈኝ እያለ ይመጣብኛል፤ እንቢ አልኩት። ልጁ ግን አሳዘነኝ። ሁለት ተራ ስጠው። ሰዓቱን አንተ ፈልግ፣ የሌላ ሰው ተራ እንዳትነካ። በላይ ነው የሰጠህ እንዳትለው ደግሞ። ዝም ብሎ ማሳው ርሶ ያግኘው። በል ደህና እደር።»

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

«ማን ገደለው ታዲያ?» አሉ።

ምላሷ ከእግሯ የሚፈጥነው አበራሽ ቃሏን እየመረጠች ተናገረች። «በሩን የከፈተው ማሽን ነው። ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ጁምዓ ሰዓት ሰው ቦይ ውስጥ አለ ብሎ የነገረው የለም፣ እትዬ። ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም አልነገረውም።»

እትዬ አስካለ ስልኩን አዩት። «ውሸታም!» አሉ በድንገት፣ ሰው ሁሉ እስኪደነግጥ። «እኔ በንዴት ነው ራቱን እንቢ ያለው ብዬ! የሰው ሽንኩርት ከንክኖት ነው ለካ! ለኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?» ከዚያ ወደ ካሚል ዞሩ። «አንተ። ውሃው ደረሰልህ?»

ካሚል ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

«ሽንኩርቱ ይነሳል?»

«ይነሳል፣ እትዬ።»

እትዬ አስካለ ከምንጣፉ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁለት። «ና እዚህ ተቀመጥ። አንቺም ነይ፣ ራቢዓ። አንቺ ልጅ፣ ድምፁን ድገሚልኝ።»

አበራሽ ደገመችላቸው። ደጃፉ ላይ የቆሙት ወጣቶች ዱላቸውን የሚያደርጉበት አጡ። ትልቁ ተዟዙሮ አየና የራሱን ዱላ ድንኳኑ ምሰሶ ላይ አስደግፎ ገባ፤ ካሚል አጠገብ፣ ባዶ የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጠ።